«አይዞሽ፣ አትጨነቂ» ብሎ መሄድ

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ ፒያሳ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የማስተምረው ፊዚዮሎጂ ነው፤ ዛሬ ግን ስላይድ አላበዛባችሁም።

ነፍሰ ጡር ሴት አጠገባችን ስትደነግጥ ምን እንላለን? «ውይ፣ ልጁን!» እንላለን። እሷም ቤቷ ገብታ ሆዷን ስትዳስስ ታድራለች። አራት ኪሎ ላይ ሚኒባስ ጆሮዋ ሥር ክላክስ አድርጎባት፣ ልጄን ጎዳሁት ብላ የምትብሰለሰል እዚህ ካለች ለእሷ ነው የምናገረው። አልጎዳሽውም።

ክላክሱ ሲጮህ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ያፈሳሉ። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልበዋል። ኮርቲዞል የሚባለው ሌላው የጭንቀት ሆርሞን ከኋላ ይከተላል፤ ትእዛዙ ከአንጎል ተነስቶ አንጎል ሥር ባለችው በፒቱታሪ ዕጢ በኩል ስለሚመጣ ደቂቃዎች ይፈጃል። ከዚያ አንጎል ኮርቲዞሉ መብዛቱን ሲያይ ራሱ «በቃ» ይላል።

እንግዴ ልጁም ዝም ብሎ አያይም። የእናትየዋን ኮርቲዞል ወደማይሠራ ኮርቲዞን የሚቀይር ኢንዛይም አለው፤ በር ላይ እንዳለ ዘበኛ አብዛኛውን ይመልሳል። ሁሉንም ግን አይችልም። ጭንቀቱ ለወራት ሲቆይ፣ ረሃብ ሲጨመርበት፣ ቤት ውስጥ ዱላ ሲኖር፣ ያለ ጊዜው የመወለድና ክብደት የማነስ ዕድሉ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት፣ ጀርመኖች ምግብ በዘጉባት ኔዘርላንድ የተፀነሱ ሰዎች ካደጉ በኋላ የልብ ሕመም በዝቶባቸው ተገኝቷል። እዚያ ረሃቡንና ጭንቀቱን ለይቶ ማየት ስለማይቻል፣ «ጭንቀት ብቻውን ነው ያመጣው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቶሎ አትመኑት።

ደግሞ ኮርቲዞልን ጠላት አናድርገው። እርግዝናው ሊያልቅ ሲል የልጁ የራሱ ኮርቲዞል ይጨምርና ሳንባውን ለአየር ያዘጋጀዋል። ምጥ ያለ ጊዜው ሲመጣ ሐኪሞች ለእናትየዋ ኮርቲዞልን የሚመስለውን ዴክሳሜታዞን የሚወጉት ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ያንን ኢንዛይም አልፎ ልጁ ጋ ይደርሳል። የዚህ ዓይነት መድኃኒት እንደሚሠራ ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ ሐኪሞች ኒውዚላንድ ውስጥ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የእርግዝናው መጀመሪያ ነው። ከተፀነሰ በ22ኛው ቀን ገደማ የሽሉ ልብ መምታት ይጀምራል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ በ28ኛው ቀን አካባቢ ተዘግቶ ያልቃል፤ የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፣ ብዙዋ ማርገዟን እንኳ አላወቀችም። ከዚሁ ቱቦ ዳር የሚነሱ ሴሎች ተጉዘው የልጁን አድሬናሊን አምራች ክፍል ይሠራሉ። የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ነገ የሚደነግጥበት ዕጢ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ቱቦው በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር የሚመጣው ጉዳት አገራችን ውስጥ በብዛት ይታያል። በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብዙውን ይከላከላል፣ ግን መጀመር ያለበት ከእርግዝና በፊት ነው። ሆድ ከገፋ በኋላ ቢጀመር ለቱቦው አይደርስም። ልጅ ያሰባችሁ፣ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ሂዳችሁ ጠይቁ።

ባሎች፣ እናንተ ደግሞ «አትጨነቂ» ብላችሁ ወደ ኳሱ አትመለሱ! አከራዩን ማን ያናግር? ማታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ማን ይቁምላት? ጄሪካኑን ማን ያንሳ? ኮርቲዞሏን የሚቀንሰው እሱ ነው። አለቆችም አላችሁ መሰለኝ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ከነደሞዟ ፈቃድ ይሰጣታል፣ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን አላት። ስትጠይቃችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩባት።

በሉ ማይኩ ይዙር፣ ከኋላ ያላችሁ ጀምሩ።