ነርስ ለመሆን በየት በኩል ይገባል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ዕለት ስለ ነርስነት ትምህርት የአድማጮችን ስልክ ስንቀበል ነበር። መስመሩ አንዴ ሲቆረጥ አንዴ ሲንጫጫ ግማሹ መልስ ሳይሰማ ቀረ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንስቼ በጽሑፍ ልመልስ። እኔ ዋርድ ውስጥ፣ ማለት በሽተኞች በሚተኙበት ክፍል፣ ያረጀሁ ነርስ ነኝ፤ ተማሪም አስተምራለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ 50 በመቶ አልሞላልኝም። ነርስ መሆን አለቀልኝ ማለት ነው?»

አላለቀልሽም፣ የኔ እህት። 50 ቢሞላልሽ ኖሮ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ፣ ፍሬሽማን የሚባለውን የመጀመሪያ ዓመት ጨርሰሽ፣ ነርሲንግ ትመርጪ ነበር። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ያስተምራል። ዲግሪው 4 ዓመት ነው።

አሁን ሁለት በር አለሽ። አንዱ ሬሜዲያል ነው፤ 50 ያልሞላላቸው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት ማለት ነው። መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወጣ ማስታወቂያውን ተከታተዪ። ሁለተኛው በሌቭል፣ ማለት ከዲግሪ በታች ባለው የሙያ ሥልጠና፣ መግባት ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያሉት ለዚህ የተቋቋሙ ናቸው። ግን በዚያ ዓመት ነርሲንግ ላይ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ሄደሽ ጠይቂ። «ባለፈው ዓመት ነበረ» የሚል ወሬ ይዘሽ ሻንጣ አትሸክፊ። በሌቭል ስትጨርሺ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ትፈተኛለሽ። ያንን ወረቀት እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው፤ ነገ ዲግሪ ልቀጥል ስትዪ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

ሰው «ሌቭል ምን ዋጋ አለው» ይልሽ ይሆናል። በሌቭል ጀምረው ዛሬ ማስተርስ የያዙ ባልደረቦች አሉኝ። ረጅም መንገድ ነው እንጂ የተዘጋ መንገድ አይደለም።

ከሸዋ ሮቢት የደወሉ አባት፦ «ልጄን የግል ኮሌጅ ላስገባ ነው። ቦታ ሳይሞላ ቶሎ ክፈሉ ይሉኛል። ምን ልጠንቀቅ?»

ጋሼ፣ ይቺ «ቶሎ ክፈሉ» የምትባል ነገር እኔንም ታስፈራኛለች። ገንዘብዎን ከኪስዎ ሳያወጡ ዕውቅናውን ይጠይቁ። ኮሌጁ ዕውቅና አለው ማለት ብቻ አይበቃም። ዕውቅና የሚሰጠው በየትምህርት ዓይነቱና በየካምፓሱ ነው። አካውንቲንግ ላይ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ነርሲንግ ላይ ላይኖረው ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ፈቃድም ሌላ ከተማ ለከፈተው ቅርንጫፍ አይሠራም። ለዲግሪ የሚያጣሩት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

ቀጥሎ «ልጄ የሚለማመደው የትኛው ሆስፒታል ነው?» ይበሏቸው። በዚህ ላይ እኔ ግትር ነኝ። አንድ ጊዜ ውጤቷ ጥሩ የሆነ ተመራቂ መጣችልን። መርፌ ስጪ ስላት እጇ ተንቀጠቀጠ። ለካ ስትማር አሻንጉሊት ላይ እንጂ ሰው ላይ ወግታ አታውቅም። ኮሌጁን አልጠራም፤ ጥፋቱ ግን የልጅቷ አልነበረም።

ይህንንም ይወቁ፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና አለበት፤ የመንግሥትም ይሁን የግል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የሙያ ፈቃድ ሳይወጣም ሥራ የለም። ስለዚህ ኮሌጁን «ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ አለፈ?» ብለው ይጠይቁ። ወሬ ካበዙብዎት መልሱን አግኝተዋል።

ከደብረ ሲና፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ወንድ ነኝ። ጓደኞቼ ነርስነት የሴት ሥራ ነው እያሉ ይስቁብኛል። ደምም እፈራለሁ።»

ጓደኞችህ ሆስፒታል ገብተው አያውቁም ማለት ነው። ዋርዱ በወንድ ነርስ የተሞላ ነው። በሽተኛው ሴቷን «ሲስተር» ይላል፤ አንተን ሲያይ ግራ ገብቶት «ዶክተር» ይልሃል። አትኩራራ፣ አርመው። ሙያውን የሚንቅ ካገኘህም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ እንደተመረቀች ንገረው።

ደሙን ትለምደዋለህ። እኔ መጀመሪያ ቁስል ሲታጠብ ባየሁ ቀን ጉልበቴ ከድቶኝ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ይልቅ ሒሳብህ እንዴት ነው? 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ በደም ሥር ይግባ ተባልክ እንበል። የያዝከው ቱቦ አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ የሚያወርድ ነው። 1000 በ20 ታበዛለህ፣ ለ480 ደቂቃ ታካፍላለህ፤ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። በሌሊት፣ እንቅልፍ ዓይንህን እየጎተተው፣ ይህን መሳት የለብህም።

ከዓለም ከተማ፦ «ሚድዋይፍና ነርስ አንድ አይደሉም?»

አይደሉም። ትምህርቱም ፈቃዱም ለየብቻ ነው። ልብሽ ማዋለጃ ክፍል ከሆነ ከመጀመሪያው ሚድዋይፈሪ ምረጪ፤ በኋላ መዞር ዕድሜም ገንዘብም ይበላል።

ደብረ ብርሃን የተመደበች ተማሪ፦ «ነርሲንግ ደርሶኛል። ምን ይዤ ልምጣ?»

እንኳን ደስ አለሽ! ሰከንድ የምትቆጥር የእጅ ሰዓት ያዢ። ጠብታውንም የልብ ምቱንም በሷ ነው የምትቆጥሪው፤ ዋርድ ውስጥ ስልክ እያወጡ መቁጠር ደስ አይልም። ቆሞ ለመዋል የሚሆን ዝቅ ያለ ጫማም ያስፈልግሻል።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ቀላል አድርገሽ እንዳታዪው። በኅዳር ውርጭ ጠዋት በሽተኛ ስትነኪ ከእጅሽ ቅዝቃዜ የተነሳ ይደነግጣል። መጀመሪያ መዳፍሽን ፈትጊ። ደም ሥሩም በብርድ ተኮማትሮ ይደበቅብሻል፤ ያኔ ዝም ብለሽ ደጋግመሽ አትውጊ፣ ክንዱን ሞቅ ባለ ጨርቅ ትንሽ ጠቅልዪው፣ ብቅ ይልልሻል። ጋቢም ያዢ፤ ዶርም ውስጥ ትፈልጊዋለሽ።