አዲሱ መስመር ለምን ክሊክ አይሰማም? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰላም ሰላም! ዛሬ ስልኩ ሲጨናነቅ ነው የዋለው፣ ጥያቄው ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ጄኪዌሪ (ፔጅ ላይ ያሉ ነገሮችን በቀላሉ ለመምረጥና ለመቀየር የሚያገለግል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ላይ ስለነበር አየር ላይ ተቻኩዬ የመለስኩትን እዚህ ትንሽ ሰፋ ላድርገው።

ከፒያሳ የደወለች እህታችን፦ "ለአንድ ካፌ የማዘዣ ፔጅ እየሰራሁ ነው። 'ጨምር' ስል አዲስ ትዕዛዝ በአፔንድ (ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በሚጨምረው) ይገባል፣ ግን እሱ ላይ ያለው 'ሰርዝ' አይሰራም። ፔጁ ሲከፈት የነበሩት ላይ ግን ይሰራል። ኮዱ አንድ ነው እኮ!"

ኮዱስ አንድ ነው እህቴ፣ ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። "ነጥብ ሰርዝ" ብለሽ በክላስ (ለብዙ ነገሮች በሚሰጥ የጋራ ስም፣ ፊቱ ነጥብ ይገባል) ስትመርጪ ጄኪዌሪ የሚሰበስብልሽ በዛች ቅጽበት ፔጁ ላይ ያሉትን ብቻ ነው፣ ሶስት ማኪያቶ ካለ ሶስቱ በተኖች ላይ ክሊኩን አሰረልሽና ስራውን ጨረሰ፣ ከዛ በኋላ ፍርፍር ቢታዘዝ ማን ነግሮት ያውቃል? ስለዚህ ክሊኩን በየበተኑ ላይ አትሰሪው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፔጁ ላይ ባለው ነገር ላይ እሰሪው፣ ያንቺ ጋ ትዕዛዞቹን የያዘው ዩኤል (የዝርዝሩ ታግ) ማለት ነው። የግቢ ዘበኛ በይው፣ ተከራይ ቢገባ ቢወጣ እሱ በሩ ላይ ነው።

አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዩኤሉን ምረጪ፣ ከዛ ኦን (ክሊኩን የሚያስረው)፣ ቅንፉ ውስጥ በቅደም ተከተል "ክሊክ"፣ "ነጥብ ሰርዝ"፣ ከዛ ፋንክሽኑ። መሃል የገባው ሴሌክተር (የትኛው እንደሚፈለግ የሚናገረው "ነጥብ ሰርዝ") ነው ጨዋታውን የሚቀይረው። ለምን ይሰራል ብትይ ክሊክ የተጫንሽው በተን ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ወላጁ ከዛም ወደ አያቱ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዩኤሉ ጋ ሲደርስ "ይሄ የመጣው ከሰርዝ ነው ወይ" ተብሎ ይጣራል። ፋንክሽኑ ውስጥ ዲስ የተነካውን በተን ስለሆነ የሚይዘው ከሱ ተነስተሽ በክሎዘስት (ወደ ላይ ቅርቡን በሚፈልገው) ኤልአዩን (የዝርዝሩን አንድ መስመር) አግኝተሽ ሪሙቭ ትያለሽ፣ አለቀ። በነገራችን ላይ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ "ላይቭ (ክሊክ የማሰሪያ የድሮ መንገድ) ተጠቀም" የተባላችሁ ካላችሁ እሱን ተዉት፣ 2011 ላይ ኦን ከመጣ በኋላ አትጠቀሙበት ተብሏል፣ 2013 ላይ በወጣው ጄኪዌሪ 1.9 ደግሞ ጭራሽ ተነስቷል።

ከአራት ኪሎ የደወለ ተማሪ፦ "እመርጣለሁ ምንም አይሆንም፣ ኤረር እንኳን የለም።"

ጄኪዌሪ ሲያጣ ዝም ነው የሚለው ወንድሜ፣ ባዶ ስብስብ ይሰጥህና ኮድህ ባዶው ላይ በሰላም ይሮጣል። እኔም በዚህ አመል አንድ ሙሉ ማታ ፈጅቻለሁ፣ በስተመጨረሻ ሃሽ (በአይዲ፣ ማለትም በአንድ ነገር ብቸኛ መለያ ስም ሲፈለግ ፊቱ የሚገባው #) ረስቼ ነው የተገኘው (ሃሽም ነጥብም ከሌለ በዛ ስም የሚጠራ ታግ ነው የሚፈልገው)። ኮንሶል (ብሮውዘሩ ውስጥ ያለ የኮድ መሞከሪያ) ላይ ሌንግዙን (ስንት እንደተገኘ) አይ፣ ዜሮ ካለ ወይ ሴሌክተሩ ተሳስቷል ወይ ደግሞ ቸኩለሃል። ብሮውዘሩ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፣ ስክሪፕትህ ሄድ (የፔጁ መግቢያ ክፍል) ውስጥ ከሆነ ቦዲው (የሚታየው ክፍል) ገና ሳይነበብ ነው የምትፈልገው። ወይ ሬዲ (ፔጁ ተነቦ ሲያልቅ የሚሮጠው) ውስጥ አስገባው፣ ወይ ስክሪፕቱን የቦዲ መዝጊያ ጋ አውርደው።

ከሜክሲኮ የደወሉ ባለሱቅ አባታችን፦ "ልጄ ነው የሚሰራልኝ፣ አንዱን ጫማ 'ዛሬ ቅናሽ' የሚለው ውስጥ ሲጨምረው ከዋናው ዝርዝር ይጠፋል።"

አባቴ አልጠፋም፣ ሄዶ ነው። ፔጁ ላይ ያለን ነገር መርጠው ሌላ ቦታ አፔንድ ካሉት ቤት ይቀይራል እንጂ አይባዛም፣ አንድ ሳህን ሁለት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም አይደል። መጀመሪያ ክሎን (ቅጂ) ያድርገው ይበሉት። ግን ይጠንቀቅ፣ ክሎን አይዲውንም አብሮ ይገለብጣል፣ ሁለት ጫማ በአንድ መታወቂያ ማለት ነው፣ ከዛ በሃሽ ሲፈልገው ጄኪዌሪ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚሰጠው። አይዲውን ይቀይር ወይ በክላስ ይስራ። የታሰረው ክሊክም ቅንፉ ውስጥ ትሩ ካልተባለ አይከተልም፣ ለፒያሳዋ ልጅ የነገርኳትን ሁለቱንም ዝርዝሮች በያዘው ነገር ላይ ከሰራ ግን ለዚህ አይጨነቅም።

አንድ ደግሞ "ጄኪዌሪ አልሞተም ወይ?" ያለ ነበር። ጆን ሬሲግ 2006 ላይ ሲያወጣው ብሮውዘሮቹ እርስ በርስ የማይግባቡበት ጊዜ ነበር፣ ዛሬ ኬሪ ሴሌክተር ኦል (ያለ ጄኪዌሪ መምረጫው) ብሮውዘሩ ራሱ ውስጥ አለ። አዲስ ፕሮጀክት ከሆነ እኔ ያለሱ እጀምራለሁ፣ የቆየ ሳይት ተረክበህ ከሆነ ግን አትነካካው፣ ተማረው።

ለካፌዋ እህቴ የረሳሁት፦ ደንበኛው የጻፈውን ስም ከኤችቲኤምኤል ጋር ቀጥለሽ አፔንድ እንዳታደርጊ። አንዱ ቀልደኛ በስሙ ቦታ ስክሪፕት ታግ ቢጽፍ ፔጅሽ ላይ ይሮጣል። ባዶ ኤልአይ ፍጠሪ፣ ስሙን በቴክስት (እንደ ተራ ጽሑፍ ብቻ በሚያስገባው) አስገቢ፣ ከዛ አፔንድ።