የደብዳቤ አመላላሹ ዲ.ኤች. 4 በሲሙሌተር፦ የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በደኅና መጣችሁ እላለሁ። የዘንድሮው ዋና ሥራችን የአሜሪካ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ያመላለሰበትን ዲ.ኤች. 4 አውሮፕላን ለበረራ ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በኮምፒውተር ለሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ዳግም መሥራት ስለ ነበር፣ ንግግሬም በእርሱ ላይ ብቻ ይሆናል።

አውሮፕላኑን ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የነደፈው እንግሊዛዊው ጄፍሪ ዴ ሃቪላንድ ሲሆን፣ አሜሪካኖች 400 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሊበርቲ ሞተር ገጥመው ሠሩት። በጦርነቱ ጊዜ አብራሪው የሚቀመጠው በሞተሩና በነዳጅ ታንኩ መካከል ስለ ነበር አደጋ ሲደርስ የሚያመልጥበት አልነበረውም፤ ፖስታ ቤቱ ግን አብራሪውን ወደ ኋለኛው መቀመጫ አዛውሮ የፊተኛውን ለደብዳቤ ከረጢት አደረገው። የሥራችን ፈተና የጀመረው ከዚሁ ለውጥ ነው። አብራሪው ወደ ኋላ ሲሄድ ረጅሙ የሞተር ሽፋን ይጋርደዋል፤ ጅራቱ መሬት ነክቶ ሳለ ፊት ለፊት ያለውን ስለማያይ፣ እባብ እንደሚሄድ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ በጎን መመልከት አለበት። በመጀመሪያው ሞዴላችን የአብራሪውን ዓይን ጥቂት ከፍ አድርገን ነበርና ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ ካመሰገኑት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ስሕተት ነበር፣ አርመነዋል።

ድምፁም እንዲሁ አድክሞናል። የሊበርቲ 12 ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ የተደረደሩት በ45 ዲግሪ ማዕዘን በመሆኑ ነዳጁ በውስጣቸው የሚፈነዳው በእኩል የጊዜ ልዩነት አይደለም፤ እኛ ግን በ60 ዲግሪ ከተሠራ ሞተር የተቀዳ ድምፅ ተጠቅመን ስለ ነበር አውሮፕላናችን ከሚገባው በላይ ለስላሳ ሆኖ ተሰማ። አሁን እያንዳንዱ ፍንዳታ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ተቀናብሯል።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌሊቱ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1921 ምሽት ጃክ ናይት የተባለው አብራሪ በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ከምትገኘው ኖርዝ ፕላት ተነሥቶ እዚያው ግዛት ያለችው ኦማሃ ሲደርስ ተረክቦት የሚቀጥል አብራሪ ባለማግኘቱ፣ በርሮበት በማያውቀው መስመር ራሱ ቀጥሎ በማግሥቱ ማለዳ ቺካጎ ገባ፤ በኔብራስካ መንገዱ ላይ የነበሩ ሰዎችም እሳት እያነደዱ አቅጣጫ ያሳዩት ነበር። ሲሙሌተሩ አስቀድሞ ይዞት የሚመጣው መልክዓ ምድር ግን የዛሬው ነው፤ ኔብራስካ በመንገድና በከተማ መብራት ተሞልታለች። ስለዚህ መብራቶቹን አጥፍተን፣ አውራ ጎዳናዎቹን አንሥተን፣ አብራሪዎቹ በቀን ይከተሏቸው የነበሩትን የባቡር ሐዲዶች ብቻ ማስቀረት ነበረብን። ስንሠራ ከዋልነው ይልቅ ስናጠፋ የዋልነው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዛሬ ልትወስኑት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። አውሮፕላኑ ፍሬን የለውም፤ ካረፈ በኋላ የሚያቆመው ከጅራቱ ሥር ያለው መንሸራተቻና የሣሩ ሰበቃ ነው። አንዳንድ አባላት ለጀማሪዎች ሲባል በአማራጭ መልክ ፍሬን እንዲጨመር ጠይቀዋል። ለጀማሪዎች መለማመጃ እንዲሆን በስክሪኑ ላይ ካርታ ማሳየትን አልቃወምም፤ ካርታው ከአውሮፕላኑ ውጭ ነውና። ፍሬን የተገጠመለት ዲ.ኤች. 4 ግን ሌላ አውሮፕላን ነው ብዬ አምናለሁ። ድምፄ ከእናንተ የአንዳችሁ ያህል ብቻ መሆኑን አስታውሼ፣ ጉዳዩ ከሰዓት በኋላ ለውይይት እንዲቀርብ በማሳሰብ ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።