የጋሼ ልብ እና ሁለት ፕሬዚዳንቶች

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከውስጤ አልወጣ ያለ ነገር ስላለ ላውራችሁ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው።

ባለፈው ሳምንት አጎቴን ከሆስፒታል አወጣነው። የልብ ቧንቧው ተደፍኖ ስቴንት፣ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ገባለት። ጋሼ ነው የምለው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ለትምህርት ዋሽንግተን መጣ፣ ደርግ ሲገባ እዚሁ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቷል። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቤተሰብ ፎቶዎች መሀል፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የሮናልድ ሬጋን ፎቶ አለ።

ለምን እንደሚወደው ይገባኛል። ሬጋን በ1986 የፈረመው ሕግ፣ 1982 ከመግባቱ በፊት አሜሪካ ገብተው ያለ ወረቀት ለሚኖሩ ሰዎች በር ከፈተ። 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ወረቀት አገኘ። ጋሼም የተማሪ ቪዛው ካለቀ ዓመታት አልፈውት ነበር። «ከዚያ በፊት የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጭ ነበር» ይላል። ይህን ውለታ ማንም ሊያሳንስበት አይችልም።

እኔ ግን ሆስፒታል ተቀምጬ ሳስብ የነበረው በስልሳዎቹ ፕሬዚዳንት ስለነበረው ስለ ሊንደን ጆንሰን ነው። የጋሼን ሕክምና አብዛኛውን የሸፈነው ሜዲኬር፣ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ነዋ። ጆንሰን ሜዲኬርን የፈረመው ጁላይ 30 ቀን 1965 ነው። ለፊርማው ሚዙሪ ድረስ ሄዶ፣ ቀድሞ የጤና መድን ለማምጣት ሞክሮ ላልተሳካለት ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ለትሩማን የመጀመሪያውን ካርድ ሰጠው። ከዚያ አራት ዓመት በፊት፣ በ1961፣ ገና ተዋናይ የነበረው ሬጋን እንዲህ ያለውን ዕቅድ የሚቃወም ንግግር በሸክላ አስቀርጾ ነበር። ነገሩ ወደ ሶሻሊዝም ይወስደናል ብሎ። ፎቶው ከሳሎን የማይወርደው ሰው፣ የጋሼን ልብ ያሳከመውን ነገር እንዳይመጣ ታግሏል። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ስለ ሜዲኬር ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሆስፒታሎች ገንዘቡን ለማግኘት ጥቁርና ነጭ በሽተኛን መለየት ማቆም ነበረባቸው። በዘር መድልዎን የሚከለክለው የሲቪል መብት ሕግ ያስገድዳል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከሺህ በላይ ሆስፒታሎች ያንን አጥር አፈረሱ። ጋሼ የተኛበት ክፍል ውስጥ ከጎኑ አንድ ነጭ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱ ስለ ምግቡ እያማረሩ ሲጫወቱ እያየሁ እንባዬ መጣ።

እኛ እዚህ የተገኘነውም በጆንሰን ዘመን በወጣ ሕግ ጭምር ነው። በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያንን የአገር ኮታ ያስቀረው ጆንሰን በ1965 በነፃነት ሐውልት ሥር የፈረመው ሕግ ነው።

ሬጋን ሥልጣን ሲይዝ፣ አሁን ላለንበት ቀውስ መንግሥት መፍትሔ ሳይሆን ራሱ ችግር ነው አለ። እንዳለውም አደረገ። ከፍተኛውን የገቢ ግብር ከ70 በመቶ ወደ 28 አወረደ። ለድሆች የሚሰጠውን የምግብ ድጋፍና የድሆች የጤና መድን የሆነውን ሜዲኬይድን ቀነሰ። የኑሮ ውድነቱ በእሱ ጊዜ ረገበ፣ እውነት ነው። ግን ወለድ ጨምሮ ያረገበው የማዕከላዊ ባንኩ፣ የፌዴራል ሪዘርቩ፣ ፖል ቮልከር ነው፣ ሊቀመንበር አድርጎ የሾመውም ከሬጋን በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት ካርተር። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ የታክሲ ገበያ ሞቶ እንደነበር ጋሼ ራሱ ያወራል።

በ1988 ደግሞ ሬጋን «በድህነት ላይ ጦርነት ታወጀ፣ ድህነት አሸነፈ» አለ። «በድህነት ላይ ጦርነት» ጆንሰን በ1964 ያወጀው ዘመቻ ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። በ1964 ከመቶ አሜሪካውያን 19ኙ ድሆች ነበሩ። በ1969 ወደ 12 ወርዷል። ኢኮኖሚውም እያደገ ስለነበር ሁሉንም ለጆንሰን አልሰጥም። ጆንሰንንም የቬትናም ጦርነት ገንዘቡንም ስሙንም በላበት። ተሸነፈ የሚለው ቃል ግን ልክ አይደለም። ሬጋን ራሱ ስምንት ዓመት ሙሉ ሜዲኬርን አላፈረሰም። እንዲያውም በ1986 የፈረመው ሌላ ሕግ፣ ድንገተኛ ክፍል የመጣን በሽተኛ ገንዘብ የለህም ብሎ መመለስን ከለከለ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ እስካሁን አልነገርኩትም። ሐሙስ የልብ ሐኪም ቀጠሮ አለው፣ እኔ ነኝ የምወስደው። ከኮቱላ ልጀምርለት አስቤያለሁ። ኮቱላ ቴክሳስ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጆንሰን በ1928፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ እዚያ የድሃ ሜክሲኳውያን ልጆችን አስተምሯል። ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆች። ፕሬዚዳንት ሆኖ ኮንግረስ ፊት ቆሞ ያነሳቸው እነሱን ነው።

ጋሼም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ወጥቶ አንድ ዓመት ገጠር አስተምሯል። ክፍል ውስጥ በረሃብ ራሱን ስቶ የወደቀ ልጅ ነበረው። ስሙን እስከ ዛሬ ይጠራዋል። መንገዱ ጠዋት ጠዋት ስለሚጨናነቅ ለማውራት ጊዜ ይኖረናል።