ቁስሉን ይዞ የተነሣው ጌታ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በተለይም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በመካከላችን የተገኛችሁ፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጉባኤያችንን በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ እሑድ የምናደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ዳግም ትንሣኤ ነበር። ፋሲካን ከፈሰክን ገና በሳምንቱ፣ በዚያች እሑድ፣ አይ ኤስ የተባለው አሸባሪ ቡድን በሊቢያ የቀረጸው ምስል በያንዳንዳችን ስልክ ገባ። ወደ 30 የሚጠጉ ወንድሞቻችን በክርስትናቸው ምክንያት ገሚሶቹ በባሕር ዳርቻ ታረዱ፤ ገሚሶቹ በበረሃ ተረሸኑ። በአገር ደረጃ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰማዕታት ብላ ጠራቻቸው። እነዚያ ልጆች ግን ከቤት ሲወጡ ሕልማቸው ሌላ ነበር። እናታቸውን ሊጦሩ፣ ታናናሾቻቸውን ሊያስተምሩ፣ የሚያፈስ ጣራ ሊያድሱ ነበር የወጡት። በዚህ አዳራሽ ያ ሕልም ያልገባበት ቤት ያለን አይመስለኝም።

ከእኛ መካከል ልጁ በሰሃራ ይሁን በሜዲትራኒያን የት እንደ ቀረ እስከ ዛሬ ያልተነገረው አባት አለ። ሬሳ አልመጣም፤ ግንዘት የለም፤ የሚሳለሙት መቃብር የለም። ቁርጡን ያላወቀ ሰው ተዝካር ማውጣት በልጁ ላይ መፍረድ ሆኖ ይሰማዋል፤ አለማውጣቱም ያስጨንቀዋል። ሌሎቻችሁ በሕይወት ተመልሳችኋል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲባረሩ ብዙዎች ቦሌ የደረሱት አንድ ፌስታል ይዘው ነው። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ቤይሩት ውስጥ ደመወዝ ተከልክለው በቆንስላችን ደጃፍ የተጣሉትን እኅቶች አይተናል። ለእነዚህ ሰዎች አገሩ ሁሉ «ተርፈሻልና ተመስገን በዪ» ይላቸዋል። እውነት ነው፣ ተመስገን። ነገር ግን ለሞተ ሰው ድንኳን እንተክላለን፣ ለሞተ ሕልም ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም። ያቺ ልጅ የምታለቅሰው ብቻዋን ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ቀለዮጳና ጓደኛው ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ፣ ጌታ ሳያውቁት አብሯቸው ይራመድ ነበር። የሆነውን ሁሉ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ራሱ ነው። ሆኖም «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «እኛ ግን ተስፋ አድርገን ነበር» ብለው ሐዘናቸውን እስከ መጨረሻው ዘረገፉት። መጻሕፍትን የተረጐመላቸው ይህን ሁሉ ካደመጠ በኋላ ነው። አጽናኞች ነን የምንል ሁላችን ይህን ቅደም ተከተል እንድንጠብቅ እለምናለሁ። ገና እንባዋ ሳይደርቅ «እግዚአብሔር ወዶ ነው፣ አታልቅሺ» የምንላት እናት እምነቷ አልጐደለም። ጌታ አልዓዛርን ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ያላቸው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳታዝኑ ነው፤ ማዘንንማ አልከለከለም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የጠፋው ሁሉ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል የሚል ስብከት ሐዘንተኛውን ዛሬ ያስደስተውና ነገ ለሁለተኛ ጊዜ ይሰብረዋል። የሚጠቀሰው ኢዮብ ነውና ኢዮብን በደንብ እናንብበው። 7 ሺህ በጎቹ 14 ሺህ ሆኑ፤ 3 ሺህ ግመሎቹ 6 ሺህ ሆኑ። ልጆቹ ግን እጥፍ አልሆኑም። በፊት 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ነበሩት፤ በኋላም የተወለዱለት 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው። ይህን የቆጠሩ መምህራን ከጥንት ጀምሮ የሚሰጡት መልስ አለ፦ ግመል ሞቶ ቀረ፤ የፊተኞቹ ዐሥሩ ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ናቸውና ከቁጥሩ አልወጡም። እኔ ሐዘን በበረታብኝ ጊዜ የተደገፍሁት ይህን ነው። ኋላ የተወለደ ልጅ የፊተኛውን አይተካም፤ ኢዮብም የተካለት አይመስለኝም። በአመድ ላይ ተቀምጦ የሚቤዠኝ ሕያው ነው ያለው ገና አንዲት በግ ሳትመለስለት ነበር። እኛም የልጆቻችንን ነገር የምንጠብቀው ከዚያው ከትንሣኤ ነው። አጥንታቸው በአሸዋ ይሁን በባሕር፣ የሚጠራቸው ቦታውን ያውቀዋል።

የዛሬው ወንጌል ደግሞ የቶማስ ነው። ሞትን ድል አድርጎ የተነሣው ጌታ የችንካሩን ምልክት ከእጁ አላጠፋውም። ማጥፋት አቅቶት አይደለም። ለቶማስ ያሳየው ያንኑ ነው፤ «ጌታዬ አምላኬም» የሚለው ቃል የወጣውም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት የተመለሳችሁ ልጆቼ፣ የደረሰባችሁን ረስታችሁ፣ ምንም እንዳልሆነባችሁ ሆናችሁ እንድትቀርቡ ይህ ማኅበር አይጠብቅባችሁም። ጠባሳ ይዞ መኖር የእምነት ማነስ አይደለም። ተስፋ አለኝ ለማለትም ያ የድሮው ሕልም ተመልሶ እስኪቆም መጠበቅ አያስፈልግም። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ሌላ ሥራ ጀምራችኋል፤ ለአንዳንዶቻችሁ ገና ጠዋት መነሣት ራሱ ከባድ ነው። ሁለታችሁም የዚህ ቤት ልጆች ናችሁ።

እናቶቼ፣ በየቤቱ እየዞራችሁ የምታደርጉትን ጥየቃ በዚህ ዓመትም አታቋርጡብን። ከዐርባው ቀን በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ኑሮው ሲመለስ፣ ሐዘንተኛው የሚፈልጋችሁ ያኔ ነው። የደላላ ዕዳ ያለባቸውን ቤተሰቦች በቁጠባ ሣጥናችን መርዳት ጀምረናል፤ ሣጥኑ ግን ከችግሩ ያንሳል። ሀብት ያላችሁ ከገንዘባችሁ፣ ሙያ ያላችሁ ልጆቹን በማሠልጠን እንድታግዙን አደራ እላለሁ።

አሁን ካህኑ አባታችን የጉባኤውን ጸሎት ያደርሱልናል፤ ቁርጣቸው ያልታወቀውን ልጆች በየስማቸው እየጠራን አብረን እንጸልያለን። ከዚያም ጸሐፊያችን የዓመቱን ክንውን፣ ሒሳብ ሹማችን የገቢና የወጪውን ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ከሻይ በኋላ በዕዳው ጉዳይ ላይ እንወያያለን። ጉባኤው መከፈቱን በእግዚአብሔር ስም አበሥራለሁ።

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!