ጥላው ያለቀበት መንገድ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ዓመት በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካናል ዱ ሚዲ በተባለው የጀልባ መሄጃ ቦይ ዳርቻ በብስክሌት ያደረግሁት ጉዞ ከልቤ አልወጣ ብሎኛልና እሱን ላውጋችሁ።

ቦዩ ከቱሉዝ ተነሥቶ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ 240 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ብስክሌት የሚነዳበት መንገድ ድሮ ጀልባ ጎታች ፈረሶች የተመላለሱበት ነው። ከቱሉዝ ሲወጡ አስፋልት ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቁ ጠጠርና የዛፍ ሥር ይበዛበታል፤ ክንድ ያንቀጠቅጣል። ቀስ ብዬ እንድሄድ ስላስገደደኝ ወደድሁት።

ኖሩዝ ላይ ረዥም ሰዓት ቆምሁ። የቦዩ ከፍተኛው ቦታ ነው። ፒየር ፖል ሪኬ የተባለ የጨው ግብር ሰብሳቢ ከሞንታኝ ኑዋር ተራሮች የጠለፈውን ውኃ እዚህ ድረስ አመጣው፤ ከዚህ ገሚሱ ወደ አትላንቲክ፣ ገሚሱ ወደ ሜዲትራኒያን ይወርዳል። አፈሩን ያመላለሱት ሠራተኞች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሴቶችም ነበሩባቸው። ሪኬ ሀብቱን አፍስሶበት፣ ለልጆቹ ዕዳ ትቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1680 ሞተ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በእነሱ አቆጣጠር ነው)። ቦዩ የተከፈተው በ1681 ነው። ለጥቂት ወራት ሳያየው ቀረ!

ከዚያ ወዲያ ፕላታን የሚባሉት ግዙፍ ዛፎች ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው እንደ ዳስ ሸፈኑኝ። ከካርካሶን አልፌ ትሬብ አካባቢ ስደርስ ግን ጥላው በድንገት ተቋረጠ። በ2006 በዚህ ቦዩ ዳር አንድ ፈንገስ ታየ፤ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ዛፉን ያደርቃል፤ መድኃኒት የለውም። የታመመውም በአጠገቡ ያለውም ተቆርጦ ይቃጠላል። ከ42,000 ዛፎች ከግማሽ በላይ ሄደዋል። ፀሐዩ አናቴን ሲመታኝ፣ ያለፍሁበት ጥላ ስንት ትውልድ የለፋበት እንደ ነበረ ያኔ ገባኝ።

የወይን መንደሮቹ የጀመሩት እዚያው ነው። ኦምፕስ በርሜል የሚጫንበት ወደብ ነበረች። ፓራዛ አጠገብ ቦዩ ራሱ በድንጋይ ድልድይ ላይ ሆኖ ወንዝ ይሻገራል፤ ከታች ውኃ፣ ከላይ ጀልባ። ከሁሉም ግን አርዥልዬ ያዘችኝ፤ ጸጥ ያለች መንደር ናት። በመጋቢት 1907 ከዚህች መንደር 87 ወይን አምራቾች፣ ማርሰላን አልቤር ከተባለ የመንደራቸው ሰው ጋር፣ ወደ ናርቦን ተጓዙ። ገበያው በስኳር በተቀመመ ሐሰተኛ ወይን ተጥለቅልቆ የድካማቸው ዋጋ ወድቆባቸው ነበር። ሰኔ ላይ ሞንፔሊዬ ውስጥ ሰልፈኛው በመቶ ሺዎች ሆነ። ናርቦን ላይ ወታደር ተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሰኔ ሐሰተኛ ወይንን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ማታ የጠጣሁትን አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ይህን እያሰብሁ ስለ ጠጣሁት ፈጥኜ ልጨርሰው አልቻልሁም።

በማግስቱ፣ ባዶ በሆነው ዳርቻ ላይ አዲስ የተተከሉ ችግኞች አየሁ፤ እያንዳንዱ በእንጨት ተደግፏል። ለማረፍ አንዱ ሥር ተቀመጥሁ። ጥላው የብስክሌቴን የፊት ጎማ ብቻ ሸፈነ።