የመጨረሻዋ ስንዝር፦ በጎንደር ለመንጠቆ ዓሣ አጥማጆች የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ!

ከአዘዞ የመጣችሁ አላችሁ። ከቆላ ድባ፣ ከጎርጎራም አያለሁ። እዚህ ፊት የተቀመጣችሁ አባቶቼ ዕድሜያችሁን ጣና ላይ የጨረሳችሁ ናችሁ። እናንተ ባላችሁበት ስለ ዓሣ መናገር ይከብደኛል። የተጋበዝኩበት ጉዳይ ግን አንድ ስንዝር ብቻ ስለሆነ ትታገሱኛላችሁ።

ዋናው ክር ከዘንጉ ተነስቶ እስከ እርሳሱ፣ ክሩን ወደ ታች እስከሚያወርደው ክብደት፣ ይሄዳል። ከእርሳሱ እስከ መንጠቆው ያለችው ቁራጭ ግን ለብቻዋ ነው የምትታሰረው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ አንድ ስንዝር በሉት። እኔ የመንጠቆ ክር እላታለሁ። ብዙዎቻችን ለዘንግና ክሩ ለሚጠመጠምበት ሪል ገንዘብ እናወጣለን። እሷን ግን ኪሳችን ውስጥ ካገኘነው ክር ቆርጠን እናስራለን። ዓሣው ከዕቃችን ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ባለፈው ጥር ጎርጎራ ዳር፣ ጥቁሩ ድንጋይ ያለበት ቦታ፣ በአንድ ጠዋት ሁለት የቢልጫ ዓሣ አመለጠኝ። ሁለቱም ከበድ ያሉ ነበሩ። ሁለቱም ጊዜ ክሩ የተበጠሰው ከመንጠቆው በላይ፣ ያችው ስንዝር ላይ ነው። ጫፉን ሳየው እንደ ጥጥ ተበጣጥሷል። ድንጋዩ ነው የበላው። ክሩ ርካሽ አልነበረም። ለዚያ ቦታ ግን የሚሆን አልነበረም። ከእነዚያ ዓሦች አፍ ላይ ያን ቀን የቀሩትን መንጠቆዎች እስካሁን አስባለሁ።

ዘንድሮ በንባብም በሙከራም ያገኘሁት አብዛኛው ነገር ከካርፕ አጥማጆች የመጣ ነው። «ካርፕ የኮካና የዝዋይ ዓሣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። የእኛ ቢልጫ፣ አንዳንዱ ነጭ ዓሣ የሚለው፣ ከካርፕ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አፉን ከፍታችሁ እዩት። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው ያለው። ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጋ የቢልጫ ዓይነት አለ። ከእነሱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ለነሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ከታች፣ ከጭቃው የሚለቅሙት ግን እንደ ካርፕ ናቸው። ምግቡን ከጭቃው ጋር ምግ ያደርጉታል፣ ያልጣማቸውን ደግሞ መልሰው ይተፉታል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዓሣው ማባበያውን ሲምግ ክሩ አብሮ መታጠፍ አለበት። ካልታጠፈ ማባበያው እንደ ሌላው ፍርፋሪ አይገባለትም። ሲተፋው ደግሞ መንጠቆው ዞሮ ከንፈሩን መያዝ አለበት። እንግሊዝ አገር የካርፕ አጥማጆች ማባበያውን ከመንጠቆው አውርደው ከሥሩ በምትወጣ ፀጉር በምታክል ክር ላይ መስቀል የጀመሩት ለዚህ ነው። «ሄር ሪግ» ይሉታል። በቆሎው ወይም ሊጡ ፀጉሯ ላይ ይሆናል፣ መንጠቆው ባዶውን ይቀራል። ዓሣው በቆሎውን ሲተፋ ባዶው መንጠቆ ከንፈሩ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ክሮቹ።

ናይለን ሁላችንም የምናውቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ለዓለም ከተዋወቀ ወዲህ የድሃውም የሀብታሙም ክር እሱ ነው። ይለጠጣል፤ ዓሣው ድንገት ሲሸሽ ያ መለጠጥ መንጠቆው ከንፈሩን እንዳይቀድ ያግዛል። ቋጠሮም በደንብ ይይዛል። ውሃ ግን ይመጥጣል፣ ሲርስም ጥንካሬው በመጠኑ ይቀንሳል። የፀሐይ ነገር ደግሞ አለ። አንድ ጊዜ እዚሁ ከተማ ከአንድ ሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለ ጥቅል ገዛሁ። ስንት ወር ፀሐይ ሲመታው እንደከረመ እንጃ። ሳስረው ገና እጄ ላይ ነው የተበጠሰው። ከዚያ ወዲህ ክር ስገዛ ከውስጥ መደርደሪያ እንዲያወጡልኝ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ።

ፍሎሮካርቦን እ.ኤ.አ. በ1971 ጃፓን ውስጥ ለማጥመጃ የተሠራ ክር ነው። ሻጩ «ውሃ ውስጥ አይታይም» ብሎ ነው የሚሸጥላችሁ። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ብርሃን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ገደማ ነው፣ የውሃ 1.33 ነው፤ ናይለን ከሁለቱም ይርቃል። በጠራ ውሃ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ግን ሰሜን ጣናን አስቡት። መገጭና ድርማ ክረምት ከደምቢያ አፈር ጭነው ሲገቡ ውሃው ቡና በወተት ይመስላል። እዚያ ውስጥ መንጠቆውን ራሱ ማን ያያል? ስለዚህ አለመታየቱን ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። የምትከፍሉ ከሆነ ለክብደቱና ለቆዳው ክፈሉ። ከውሃ 1.78 እጥፍ ይከብዳል፣ ስለዚህ መሬት ላይ ይተኛል። ድንጋይንም ከናይለን በተሻለ ይቋቋማል። ግትር ስለሆነ ሲወረወር አይጠላለፍም። ያ ግትርነት ግን ለቆንጆ ቋጠሮ አይመችም። ቋጠሮውን በምራቃችሁ ሳታርሱ ካጠበቃችሁት በግጭቱ ሙቀት ይጎዳል።

ሦስተኛው የተጎነጎነው ክር ነው፤ ብሬድ የሚሉት። እህቶቻችን ሹሩባ እንደሚሠሩት ነው፣ ብዙ ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ተጎንጉኖ። ከሁሉ ለስላሳው ይሄ ነው፤ ዓሣው ሲምግ ምንም አይሰማውም። ከውፍረቱ አንጻር ጥንካሬው ያስገርማል። ጎርጎራ ላይ የበጠሰኝ ይሄው ነው። ፋይበሩ ቀጭን ስለሆነ የድንጋይ ስለት አንድ በአንድ ይበላዋል። ከውሃ ስለሚቀልም ብቻውን ከታች አይተኛም፣ እንደ ጢስ ወደ ላይ ይነሳል። ስወረውረው ደግሞ እርሳሱ ላይ ይጠመጠምብኛል። ሌላም የማልወደው ነገር አለው፤ ስለማይለጠጥ ዓሣውን በኃይል ከጎተቱት አፉን ሊቆርጠው ይችላል። ንጹሕ ጭቃ ባለበት፣ ድንጋይም ስር በሌለበት ቦታ ግን ከእሱ የሚሻል አላየሁም።

እኔ ዛሬ የምይዘው አራተኛውን ነው። ውስጡ ያው ጉንጉን፣ ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ። ሲወረወር ቀጥ ይላል። ድንጋይ መጀመሪያ የሚያገኘው ልባሱን ነው። ከመንጠቆው አጠገብ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ልባሱን በጥፍሬ እገፈዋለሁ። ያችው የተገፈፈች ቦታ እንደ ጉልበት ትታጠፋለች። ዓሣው ሲምግ እሷ ትለሰልሳለች፣ የቀረው ደግሞ ክሩን ከመጠላለፍ ይጠብቀዋል። ጎርጎራ ድንጋዩ ላይ ከዚያ በኋላ የሞከርኩት ይሄንን ነው። አሁንም ከአራት ከአምስት ዓሣ በኋላ በጥፍሬ እዳብሰዋለሁ፤ ሻካራ ከሆነ እቀይረዋለሁ። አምባዛ ከያዘ ደግሞ ሳልዳብስ ነው የምቀይረው፤ የአምባዛ አፍ ሞረድ ነው።

ርዝመቱም እንደ መሬቱ ነው። ጭቃው ጥልቅ ከሆነ እርሳሱ ሰምጦ ክሩን ይዞት ይወርዳል፤ ከስንዝር ጥቂት ጨምሩ። ጠጠር ከሆነ አሳጥሩት።

አሁን ለልቤ ቅርብ ወደ ሆነው ልምጣ። የመንጠቆው ክር ከዋናው ክር ይልቅ ደከም ያለ ይሁን። ዋናው 8 ኪሎ የሚችል ከሆነ ያቺ ስንዝር 6 ትበቃታለች። ብሬድ ቀጭን ሆኖ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ሲገዛ ቁጥሩን ማየት ይጠይቃል። በዚህ የሚቃወመኝ ሰው አለ፤ «ለምን ሆን ብዬ አዳክማለሁ?» ይለኛል። መበጠሱ የማይቀር ከሆነ ስንዝር ብቻ ይበጠስ ብዬ ነው። ዋናው ክር ከላይ ከተበጠሰ ቢልጫው እርሳስና ሃያ ሠላሳ ሜትር ክር እየጎተተ ይሄዳል። ያ ክር ደንገል ላይ ወይም እምቦጭ ላይ ሲጠመጠም ዓሣው ታስሮ ይሞታል። ናይለን ደግሞ በእኛ ዕድሜ አይበሰብስም። ዓሣውን ከጨረሰ በኋላ የውሃ ወፍ እግር ላይ ይዞራል።

ቢልጫ በሐይቁ ዳር እንደ ድሮ የለም። እናንተ አባቶቼ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ክረምት ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጣ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ቁጥሩ በጣም አሽቆለቆለ። የእኛ መንጠቆ ያን ያህል አይደለም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ መገጭ አፍ ላይና ድርማ አፍ ላይ መንጠቆ እንዳንጥል እለምናችኋለሁ። ዓሣው ዕንቁላሉን ይዞ ነው የሚያልፈው።

የተቆረጠ ክር ኪሳችሁ ይግባ። ሐይቁ ዳር አይጣል። እኔ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ እሄዳለሁ፣ እሷ ውስጥ እከታለሁ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አራቱንም ክር አስቀምጫለሁ፤ ባልዲ ውሃና አንድ ጥቁር ድንጋይም አለ። ኑና ሁሉንም በጣታችሁ ዳስሱት። ባልዲው ውስጥ ክተቱና የቱ እንደሚሰምጥ፣ የቱ እንደሚንሳፈፍ እዩ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ፈትጉት። ቋጠሮ የምትፈልጉ ልጆች ወደ ቀኝ ኑ፣ መቀስ እኔ ጋ ነው።